ከጠረጴዛው ላይ የቀረችው ጎማ

አንሙት ጎማዋን ያገኛት መጋቢት 10 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሥራ ጠረጴዛውን ጨርቅ ሊያራግፍ ሲያነሣ ነው። ከሰዓት ክዳን ሥር ውሃ እንዳይገባ የምትደረግ ናት፤ ጥቁር፣ ከፈረስ ጭራ ፀጉር ጥቂት ብትወፍር ነው። ክብ ሆና ከጨርቁ ሥር ተኝታለች። በወረንጦ አነሣትና ወደ ብርሃኑ ያዛት። የማን እንደሆነች ለማወቅ ማሰብ አላስፈለገውም። ደብረ ማርቆስ ገበያ ጥግ ባለችው ጠባብ የሰዓት መጠገኛው ውስጥ እንዲህ ያለ ሰፊ ጎማ ያለው ሰዓት በዓመቱ የገባው አንድ ብቻ ነበር፤ የየሺዋስ የጠላቂ ሰዓት።

ያን ሰዓት ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል። ፊቱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ማሰሪያው ብረት ነው፤ በዙሪያው ደቂቃ የሚለካበት የሚሽከረከር ጥርሳም ክፈፍ አለው። ባትሪ የለውም። የሚሠራው ባጠለቀው ሰው ክንድ እንቅስቃሴ ነው። አንሙት ራሱ «ለውሃም ለሠርግም የሚሆን» እያለ ለጎረቤቶቹ አሳይቶታል። የየሺዋስ ታላቅ ወንድም አካለ ወልድ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ሥር እየጠለቀ ሲሠራ የገዛው ነው። አካለ ወልድ ታሞ ሲሞት፣ ከልብሱ ጋር ወደ አገር ቤት የተላከው ይኸው ሰዓት ነበር።

የሺዋስ ዓባይ ዳር ተወልዶ ሰውና ከብት ሲያሻግር ያደገ ዋናተኛ ነው። የካቲት 28 ቀን ተከፍቶ የጸዳውን ሰዓት ሊወስድ ሲመጣ፣ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ለአንሙት ነግሮት ነበር። በታኅሣሥ፣ ከወንዙ ማዶ ላለችው የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የተገዛ ደወል በጀሪካን ላይ በታሰረ ርብራብ ሲሻገር፣ ርብራቡ ተገልብጦ ደወሉ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ሰጥሟል። የሺዋስ ጠልቆ ገመድ ሊያስርበት ነው። ቀኑንም ቆርጧል፤ በመጋቢት ሚካኤል፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገደሉ ውስጥ ቀጥ ብላ ስትገባ።

«ሆዴ ይዋሸኛል» ብሎት ነበር። «ትንፋሽህን ስትይዝ መጀመሪያ ይጨንቅሃል። ቆይቶ ጭንቀቱ ይለቅህና ደኅና የሆንክ ይመስልሃል። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ ሰው የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። እኔ የክፈፉን ነጥብ ሁለት ደቂቃ አስቀድሜ አዞራለሁ። የደቂቃ ቆጣሪው ነጥቡ ላይ ሲደርስ፣ ቋጠሮው ቢቀርም እወጣለሁ።»

አሁን ጎማዋ እዚህ ናት። ክዳኑ ያለ ጎማ ተዘግቷል ማለት ነው። የሺዋስ ሲጠልቅ ሰዓቱ ውሃ ይጠጣል፤ ይቆማል። ቆጣሪው በቆመበት ይቀራል። የሺዋስም ከውሃው ሥር ሆኖ ያየዋል፤ ገና ጊዜ አለኝ ይላል።

አንሙት ስልኩን አውጥቶ ደወለ። የመለሰችለት «ማግኘት አይቻልም» የምትለው የተቀዳች ሴት ናት። ደግሞ ደወለ። ያችው ናት።

ከጎኑ ጫማ የምትሸጠው ሥራነሽ ፊቱን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችው። ነገራት።

«አንዲት ክር ጎማ ናት እኮ» አለች። «ውሃ ገባበት ቢልህ፣ ድሮም ያረጀ ነበር ትለዋለህ። ማን ከፍቶ ያያል?»

«ማንም» አላት አንሙት።

አንሙት ጎማዋን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አደረጋት። ሦስት ካቻቪቴ፣ ወረንጦውን፣ የክዳን መክፈቻውን፣ ማጉያ መነጽሩንና ትንሽ ቫዝሊን በቦርሳው ከተተ። ሥራነሽ ሱቁን ሲዘጋ ስታየው፣ ጫማ የምትሸፍንበትን ሰፊ ላስቲክ አጣጥፋ ሰጠችው። በመጋቢት ዝናብ አይታመንም አለች።

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይጁቤ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ገበያውን ለቆ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዓባይ አቀና። መንገዱ በጤፍ ቃርሚያና በባሕር ዛፍ ጥግ ለጥ ብሎ ይሄዳል፤ አገሩ ሁሉ ሜዳ ይመስላል። አንሙት በየመንደሩ መንገዱን እየጠየቀ አለፈ። ፈጥኖ ይራመዳል፤ በየጥቂቱም እጁን ኪሱ ከትቶ የክብሪቱን ቀፎ ይነካል።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከምሥራቅ ደመና ተነሣ። መጀመሪያ ነፋሱ አቧራውን ገፋው። ቀጥሎ እንደ ባቄላ ያለ በረዶ ወረደ። አንሙት የሥራነሽን ላስቲክ ተከናንቦ ከአንድ ጥድ ሥር ተጠጋ። በረዶው ላስቲኩን ይደበድበዋል፤ ሜዳው በአፍታ ነጭ ሆነ። ሲያባራ ተነሥቶ ሮጠ። ከፊቱ ደረቅ ፈፋ ነበር። ሊወርድበት እግሩን ሲያነሣ፣ ከላይ በኩል የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማ። ወደ ኋላው ዘለለ።

ደራሽ ነው። ቡናማ ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ፣ እሱ ሊቆምበት የነበረውን ቦታ ሞልቶ አለፈ። አንሙት የማርቆስ ልጅ ነው፤ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም። ልጅ ሳለ ጓደኞቹ ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ሲዋኙ ልብሳቸውን የሚጠብቅ እሱ ነበር። አሁንም ከፈፋው ዳር ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃውን ጠበቀ። ጉልበት ድረስ ሲጎድል ረጅም ዱላ ቆርጦ ገባ። እያንዳንዱን እርምጃ በዱላው እየለካ፣ ዓይኑን ከወዲያኛው ዳር ሳይነቅል ተሻገረ።

በዚያ ምክንያት ከገደሉ አፋፍ የደረሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አፋፉ ላይ ቤቷ ያለ ታየች የምትባል ባልቴት አሳደረችው። ገደሉን ሳያውቁ በጨለማ የወረዱ ሁለት ሰዎች ተመልሰው አልወጡም አለችው፤ የወንዙንም መንገድ ነገረችው። የአህያውን ዱካ ይዘህ እስከ ትልቁ ዋርካ፣ ከዚያ በግራ፤ ዓባይን ስታገኝ ቀዩ ገደል እስኪመጣ ዳር ዳሩን ሂድ። ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብሎ ጠየቃት። እሷ ልጅ ሳለች ጠዋት ወርዳ ቀትር ላይ ትደርስ እንደነበረ ነገረችው። አሁን ግን ልጅ አይደለሁም አለች።

ጎሕ ሲቀድ ጉዞ ጀመረ። ዕለቱ ሚካኤል ነው፤ ከኋላው ከደጋው የቅዳሴ ደወል ይሰማል። መሬቱ ከእግሩ ሥር ድንገት ያልቃል፤ ታች ጭጋግ አለ፤ ከጭጋጉ በታች ሌላ ተራራ፣ ከዚያም በታች ሌላ። አንሙት በቁልቁለቱ እየተንሸራተተ፣ ቁጥቋጦ እየጨበጠ ወረደ። በየእርከኑ አየሩ ይሞቃል። ጥዱ ቀረ፤ ግራርና ቀርከሃ መጣ። ጋቢውን አውልቆ ጠቀለለ። ከአለቱ ላይ ሆነው የሚያዩት ዝንጀሮዎች መንገዱን አንለቅ አሉት፤ ትልቁ ወንድ ጥርሱን አሳየው። አንሙት ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ ሳይሮጥ፣ በጎን አለፈ።

ዋርካው ሥር ጠመንጃ ያነገተ ሰው ተነሣበት። የመንደሩ ጥበቃ ነው፤ እንዳላማው ይባላል።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ዓባይ። የሺዋስ ዘንድ።»

ስለ ደወሉ ነው ብሎ ጠየቀው እንዳላማው። አንሙት አዎ አለ፤ አዎ ማለቱ ጉድ አፈላ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች የመሬት ለኪ ነን ብለው መጥተው፣ ደወሉ ስንት ኪሎ ናስ እንደሆነ ሲጠይቁ ነበር። እንዳላማው ቦርሳውን ገለበጠው። ካቻቪቴዎቹ፣ ወረንጦው፣ መክፈቻው ድንጋይ ላይ ተዘረገፉ፤ እንዲያ ተዘርግፈው ሲታዩ ለአንሙት ራሱ የሌባ ዕቃ መሰሉት። ተቀመጥ ተባለ። ተተኪው ጥበቃ ወደ ማታ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ሊቀ መንበሩ ይወስዱታል።

አንሙት በሰው ፊት ቃል የሚያጥረው ሰው ነው። ደንበኛ ሲከራከረው ዋጋ የሚቀንሰው ክርክሩን ፈርቶ ነው። ፀሐይዋ ከዋርካው ቅጠል በላይ ወጣች። አራት ሰዓት ሆነ። ከኪሱ የክብሪቱን ቀፎ አወጣና ከፈተው።

«ይህችን ላደርስ ነው» አለ።

«ምንድን ናት?»

«ጎማ ናት። የሰዓቱን ጀርባ ስዘጋ ረሳኋት። ያለ እሷ ሰዓቱ ውሃ ያስገባል። ሰዓቱ ውሃ ውስጥ ከቆመ ሰውየው ይሞታል። ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው የሚገባው።»

እንዳላማው ጎማዋን አየ። በጭቃ የተቀደደውን የአንሙትን ጫማ አየ። እንደገና ጎማዋን አየ።

«ሌባ ብትሆን ኖሮ» አለ፣ «ከዚህ የሚሻል ውሸት ይዘህ ትመጣ ነበር።»

ዕቃውን ራሱ ሰብስቦ ሰጠው። አህያ የማይወርድበትን አቋራጭ አሳይቶት፣ እስከ መጨረሻው አለት ድረስ ሸኘው። ጥበቃውን ትቶ ከዚያ ማለፍ እንደማይችል ነገረው፤ አዞ ካየህ አትሩጥ፣ አትጠጋው አለው።

ዓባይ ከታች ታየ። ዝግ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ሰፊ ነው። አንሙት ደረሰና ዳሩን ይዞ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ውሃ፤ መሐሉ ሃያ እርምጃ የማይሞላ አሸዋ ነው። አሸዋው ላይ ግንድ ተጋድሟል። ወደ እሱ ሲቀርብ ግንዱ ዓይን አወጣ።

አንሙት ቆመ። አዞው ከፊቱ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ አፉን ከፍቶ ይሞቃል። ገደሉ አይወጣም፤ ውሃው አይታሰብም። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ እያለ አፈገፈገና ከአለት ጋር ተለጥፎ ጠበቀ። ስልኩን አየ። አምስት ከሃምሳ። ፀሐይዋ ገደሉ ውስጥ ቀጥ ብላ ገባች፤ አረንጓዴው ውሃ እስከ ጠጠሩ ድረስ በራ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ከሩብ። አዞው አልተነቃነቀም። አንሙት ላቡ ይወርዳል፤ በልቡ ሁለት ደቂቃ ይቆጥርና ሲጨርስ እንደገና ይጀምራል።

ሰባት ሰዓት ሲያልፍ አዞው በራሱ ጊዜ ተነሣ፤ ሆዱን እየጎተተ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ድምፅ እንኳ አላሰማም። አሁን መቸኮል ምን ይጠቅማል? አንሙት ይህን ጥያቄ ራሱን ጠየቀ። ተመልሶ ቢወጣ የሚያውቅበት የለም። ሰዓቱም ከየሺዋስ ጋር ሰጥሟል፤ ማን ከፍቶ ያያል? አሸዋው ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ቀዩ ገደል ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ለሰውየው ቤተ ሰብ የሚነግር አንድ ሰው መኖር አለበት።

መጀመሪያ የሰማው ቁጣ ነው፤ የሽማግሌ ቁጣ። አለቱን ሲዞር አንድ ሽበታም ሰው በገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጠው ሲነጫነጩ አየ። የየሺዋስ አጎት ናቸው፤ አያ ውበቱ ይሏቸዋል። ከጎናቸው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ የሚያጠብቀው ደግሞ የሺዋስ ራሱ ነው።

አንሙት አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«አንሙት?» አለ የሺዋስ ገመዱን ከአፉ አውጥቶ። «አንተን ደግሞ ምን እግር ጣለህ?»

«አልገባህም?»

«የት?»

«ውሃው። ዛሬ አልገባህም?»

«ነገ ነው እንጂ። ሚካኤል ነገ አይደል?»

«ዛሬ ነው» አለ አንሙት።

አያ ውበቱ ከጥቅሉ ላይ ብድግ አሉ። «አላልሁህም?» አሉ። «ጠዋት ስነሣ ዛሬ ሚካኤል ነው አልሁህ። አንተ ክንድህን ዘረጋህልኝ። አያ፣ ሰዓቱ 11 ይላል አልኸኝ። እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ በሚካኤል ቀን ገመድ አስገመድኸኝ።»

የሺዋስ ሰዓቱን አየ። በትንሿ መስኮት 11 ተጽፏል። አንሙትም አየና ነገሩ ገባው። የካቲት 28 ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሞላው አንሙት ራሱ ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ነው፤ የፈረንጅ ሰዓት ግን ከሠላሳ በኋላ ሠላሳ አንድ ይላል። የካቲት ሲያልቅ ሰዓቱ አንድ ቀን ጨምሮ ቆጠረና መጋቢትን ዘግይቶ ገባ። ስልካቸው ከሞተ ሰባት ቀኑ ነው፤ ደወሉን የሚጎትቱት ሰዎች የሚወርዱት በሚካኤል ማግስት ነው። የሺዋስና አጎቱ ቀን የሚጠይቁት ከሰዓቱ በቀር የላቸውም ነበር።

አንሙት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ ስለ ቀኑም፣ ስለ ጎማዋም። ዓይኑን ከአሸዋው አላነሣም። የሺዋስ ሰዓቱን ከክንዱ ፈትቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። ከመስታወቱ ሥር፣ በዳሩ በኩል፣ ጤዛ የመሰለ ነገር አለ።

«ትናንት ከዳር ስታጠብ አላወለቅሁትም» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ጠዋት ይህን አየሁ። ብርዱ ነው ብዬ ተውሁት።»

ጥልቁን ውሃ ተመለከተ። ከዚያ ሰዓቱን ለአንሙት ሰጠው።

አንሙት አያ ውበቱን አየ፤ በዓል ነው፤ ሥራ አይሠራም። ሽማግሌው አንገታቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «ነፍስ ማዳን ነው» አሉ። «ይህንስ ሚካኤልም የሚሠራው ነው። ገመዱ ነው ያስቀየመኝ።»

አንሙት ጋቢውን እንደ ድንኳን ራሱ ላይ ጣለና፣ አሸዋ እንዳይገባ ትንፋሹን እንኳ ወደ ጎን እያስወጣ ክዳኑን ከፈተ። አንዲት ጠብታ ነበረች። በነጭ ጨርቅ ጫፍ አደረቃት። ሰዓቱን ጥላ ባለው ሞቃት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ጤዛው እስኪጠፋ ጠበቀ። ጎማዋን ቫዝሊን ቀብቶ በመስመሯ አስተኛት፤ በማጉያው ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ አያት፤ ዘጋ። ቀኑንም 12 አደረገው። ከዚያ ሰዓቱን ከድንጋይ ጋር አሥረው በቀጭን ገመድ ጥልቁ ድረስ አወረዱትና እስከ ማታ አቆዩት። ሲያወጡት መስታወቱ እንደ ንጹሕ ምንጭ ነበር፤ ቆጣሪውም ይሄዳል።

በማግስቱ ስምንት ሰዎች ከነበሬዎቻቸው በወዲያኛው ዳር ወረዱ። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። ደወሉ የሚታሰርበትን ገመድ ይዞ፣ ጥልቁ ከሚጀምርበት አለት ላይ ቆሞ፣ የጠላቂውን ምልክት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ቦታው ከደረት ያልፋል። ያ ሥራ የአያ ውበቱ ነበር፤ ጉልበታቸው ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አብጧል።

«እኔ እቆማለሁ» አለ አንሙት።

«ዋና ትችላለህ?» አለ የሺዋስ።

«አልችልም።»

የሺዋስ ሌላ ገመድ አምጥቶ የአንሙትን ወገብ ከዳር ካለው ዛፍ ጋር አሠረ። አንሙት ገባ። ውሃው ጉልበቱን፣ ወገቡን፣ ደረቱን ያዘው። ቅዝቃዜው ሆዱ ድረስ ተሰማው። አለቱን በእግሩ ጣት እየፈለገ ቆመ። ወንዙ ቀስ ብሎ ይገፋዋል፤ እሱም ቀስ ብሎ ይመልሰዋል።

በስድስት ሰዓት የሺዋስ የክፈፉን ነጥብ አዙሮ ጠለቀ። አንሙት በአፉ ቆጠረ። መቶ ሲል ገመዱ ተንቀሳቀሰ። መቶ ሃያ አካባቢ የየሺዋስ ራስ ወጣ፤ ትንፋሹ እንደ ፈረስ ነው።

«የደወሉን ማንጠልጠያ ጆሮ አገኘሁት» አለ። «ቋጠሮው ግማሽ ሆኖ ነበር። ሆዴ ቆይ፣ ቆይ፣ ደኅና ነህ አለኝ። ቆጣሪው ግን ነጥቡ ላይ ደረሰ።»

አለቱን ይዞ አረፈ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠልቅ ገመዱ በአንሙት እጅ ተወጠረ፤ አንድ ጊዜ ተሳበ፣ ሌላ ጊዜ ተሳበ። ይህ የመውጣት ምልክት አይደለም። አጥሯል ማለት ነው፤ የጎደለው አንድ ክንድ ነው። ገመዱን ቢለቅ ወንዙ ይወስደዋል። አንሙት አንድ እርምጃ ወደ ጥልቁ ሄደ። ውሃው አገጩን ነካው። ገመዱ አሁንም ይሳባል። ትንፋሹን ስቦ ሌላ እርምጃ ተራመደ፤ ውሃው በራሱ ላይ ተዘጋ።

አረንጓዴ ነበር። ከላይ ፀሐይዋ ትወዛወዛለች። ከታች፣ በገመዱ ጫፍ፣ አንድ ጥቁር ነገርና በላዩ የተጎነበሰ ሰው ታየው። አንሙት ዓይኑን አልጨፈነም። ጆሮው ውስጥ የራሱን ልብ እየሰማ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ። ገመዱ ላላ። ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ ታሰረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላው ተራመደ፤ ራሱም ወጣ፤ ሳል ያዘው። የየሺዋስ ራስ ከጎኑ ብቅ አለ፤ ክንዱን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ከዳር ላሉት አሳየ።

የገመዱ ጫፍ ወደ ማዶ ተሻግሮ ከቀንበር ጋር ታሰረ፤ በሬዎቹም ደወሉን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጎተቱት። ሲወጣ ሆዱ ጭቃ ሞልቶት ነበር። አያ ውበቱ በርብራብ ተሻግረው በድንጋይ መቱት፤ እንደ ጉንፋናም ሰው ቋ አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጭቃው ሲጸዳ ድምፁ ይከፈታል አሉ ሽማግሌው፤ እኔም ጠዋት ጠዋት እንደዚሁ ነኝ።

አንሙት ልብሱ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዕቃውን አሰናዳ። ከአንዱ መንደርተኛ ጋር በአህያው መንገድ ሊወጣ ነው። የሺዋስ ሊሰናበተው መጣ። አንሙት ሲናገር ፊቱን ወደ ቦርሳው አድርጎ ነበር።

«ከእንግዲህ ሰዓቱን ሌላ ሰው ዘንድ ብትወስደው አልቀየምህም» አለው።

የሺዋስ ክንዱ ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«ሌላ ሰው ዘንድ ብወስደውና ቢረሳ» አለ፣ «ገደል ወርዶ የሚከተለኝ ማን ነው?»

አንሙት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ከሚያስፈልገው በላይም ቆየ።